የምርምር ብር ለሊቲየም-ሰልፈር ባትሪ ይውጣ?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ባትሪ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ ገና በምርምር ላይ ላለው ለሊቲየም-ሰልፈር ባትሪ ይዋል ወይስ አሁን መንገድ ላይ ላሉት ባትሪዎች ጥገና?

ባለጋራዥ (ተክለ ሃይማኖት)፦ ለጥገና! በቅርቡ አንድ ደንበኛ መኪናውን አስጎትቶ አመጣ። ባትሪው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ክፍሎች፣ ከሴሎቹ፣ ጥቂቶቹ ስለደከሙ ብቻ ሙሉውን የባትሪ ጥቅል፣ ፓኩን፣ ቀይር ተብሏል። ፓክ ከፍቶ ሴል በሴል የሚለካ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። የእናንተ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ተማሪ (አራት ኪሎ)፦ ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። ግን ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ርካሽ ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም አያስፈልገውም። በንድፈ ሐሳብ አንዱ ግራም 1,675 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቻርጅ ይይዛል። ጣጣው ዕድሜው ነው። ባትሪው ሲሠራ ፖሊሰልፋይድ የሚባል የድኝ ውህድ በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። ሁለቱን ጫፎች በሚለየው ስስ ፕላስቲክ፣ በሴፓሬተሩ፣ ቀዳዳዎች ሾልኮ ሊቲየሙ ጋ ይደርስና ይበላዋል። ድኙም በየቻርጁ ይመናመናል። ሴፓሬተሩን ኔጌቲቭ ቻርጅ ባለው ፖሊመር፣ ለምሳሌ በናፊዮን፣ ስትቀባው ፖሊሰልፋይዱ ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ኋላ ይገፋል። ፖዘቲቩ ሊቲየም አዮን ግን ያልፋል። ይህ በቤተ ሙከራ የታየ ነገር ነው።

መምህርት (አምስት ኪሎ)፦ ልጄ፣ የዘለልሽው አለ። ሽፋኑ ሲወፍር ሊቲየሙም ይዘገያል፣ ክብደትም ይጨምራል። ቀላል ነው ያልነው ባትሪ ጥቅሙን እዚያው ያጣል። የሰዓት ባትሪ በሚያህል ሴል፣ ፈሳሹ ተትረፍርፎ የተገኘ ውጤት መኪና ላይ ይደገማል ብላችሁ ብር አትጠይቁ።

ጠያቂ፦ አንዱን የባትሪ መለኪያ መሣሪያ ለምርምሩም ለጥገናውም መጠቀም አይቻልም?

መምህርት፦ አይሆንም። የእሷ ሴል በሚሊአምፔር ይለካል፣ የመኪናው በአሥርና በመቶ አምፔር። መምረጥ ግድ ነው። እኔ አሁን ጥገናውን እመርጣለሁ።

ተማሪ፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ መምህርት፣ እኔ አልስማማም። ጥገናው ገበያ አለው፤ ባለጋራዦች ከፍለው ይሠለጥናሉ። ለሴፓሬተር ምርምር ከሕዝብ ገንዘብ በቀር ማን ይከፍላል? ቀጭን ሽፋን፣ ጥቂት ፈሳሽ፣ ብዙ ድኝ፤ በዚህ መስፈርት ፈትኑን። ካልቻልን ብሩን ውሰዱት።

ባለጋራዥ፦ ከፍለን እንሠልጥን፣ እሺ። የት? ትምህርት ቤቱን አሳዪኝ።