«የማይታከመውን አትለኩ» በተባለው ላይ፦ የልጆቻችን ደም ይመርመር ወይስ አይመርመር?

እናት ከማራኪ፦
ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች መጥተው፣ ጋራዥና ባትሪ ቤት በበዛበት ሰፈር የሚኖሩ ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደማቸው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ምን ያህል እንዳለ ለመለካት ፈቃዳችንን ጠየቁ። ማብራሪያው ገና ሳያልቅ አንድ አባት ተነሥተው «የማይታከመውን መለካት ልጅን በከንቱ መውጋት ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ቅጹም ሳይፈረም ቀረ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሥታኛለች። ልጄ የምትጫወተው ከባትሪ ቤቱ አጥር ሥር ነው። በልጄ ደም ውስጥ ያለውን ነገር ሳላውቅ እንድቀር በጭብጨባ የወሰነልኝ ማን ነው?

አባት ከአራዳ፦
ያን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝና መልሱንም መስጠት ያለብኝ እኔ ነኝ። እህቴ፣ የተናገርሁት የልጆች ጤና ስለማይገደኝ አይደለም። ከዐሥር ዓመት በፊት የበኵር ልጄን ለሌላ ጥናት ደሙን አስቀድቻለሁ፤ እየጮኸ ክንዱን አጥብቄ የያዝሁት እኔው ነኝ። ውጤቱ በአንድ ወር ውስጥ ይደርሳችኋል ተባልን። ልጁ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ደርሷል፤ ወረቀቱ እስከ አሁን አልመጣም።

ይህ የእኔ ብቻ ቂም እንዳይመስላችሁ ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ ኬኔዲ ክሪገር የተባለው ተቋም የእርሳስ ቀለማቸው በከፊል ብቻ በተወገደላቸው ቤቶች ውስጥ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች እየኖሩ የልጆቹን ደም በየጊዜው ይለካ ነበር። የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ጥናቱን አጥብቆ ነቀፈው። በዚያ ጥናት ልጁ የቤቱን አቧራ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። በጎንደርም ልጄ የማንም መለኪያ እንዲሆን አልፈቅድም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እኔ የዕለት እንጀራዬ ደም መቅዳትና መመርመር ነው። የእኒህ አባት ወረቀት ሳይመጣ መቅረቱ በደል ነው፤ ይህን አልከራከርም። ስለ ባልቲሞር ግን የጎደለ ነገር አለ። ፍርድ ቤት የሄዱት እናቶች ዋና ቅሬታ መርፌው አልነበረም፤ በቤታቸው አቧራ ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን በጊዜው አልተነገረንም የሚል ነበር። ጥፋቱ ለክቶ ዝም ማለት ነው፤ አለመለካት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

«የማይታከም» የሚለውን ቃልም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ ልጁ ከምንጩ እንዲርቅ ይመክራል። ለሕፃናት በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት የሚታዘዘው ግን መጠኑ 45 ሲደርስ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስላሉት ልጆች በአሜሪካ በ780 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ሱክሲመር የተባለው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ቢቀንስም የልጆቹን የአእምሮ ብቃት እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒት በሞላበት አገር እንኳ ሕክምናው ልጁን ከምንጩ ማራቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ጎንደር ውስጥም የሚቻል ነው።

አባት ከአራዳ፦
እንግዲያው እርስዎ ራስዎ መሰከሩልኝ። ሕክምናው ከምንጩ ማራቅ ከሆነ ምንጩ በልጄ ክንድ ውስጥ አይገኝም። አፈሩን ለኩ። አጥሩን፣ ግድግዳውን፣ ውኃውን ለኩ፤ ልጁን ተዉት።

እናት ከማራኪ፦
«አፈሩን ለኩ» ማለት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር የሆነውን አንብቤ ደንግጫለሁ። ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ለማውጣት አፈሩን ሲያበጥሩ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 መካከል፣ 18 ሕፃናት ሞቱ። አፈሩ እዚያው እግራቸው ሥር ነበር። ሰው ወደ አፈሩ የተመለከተው ልጆቹ ከታመሙ በኋላ ነው። እኛም እስከዚያ እንቆይ?

የባትሪ ቤት ልጅ፦
ሁላችሁም «ባትሪ ቤት፣ ባትሪ ቤት» ትላላችሁ፤ የባትሪ ቤቱ ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ ይህን ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቶበታል። የባጃጁም፣ የሶላሩም፣ የሚኒባሱም ባትሪ ሲደክም የሚመጣው ወደ እርሱ ነው። ክዳኑን በመጥረቢያ ይከፍታል፤ አሲዱን ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ የተበላሸውን የእርሳስ ፕሌት አውጥቶ በብረት መጥበሻ ላይ በከሰል ያቀልጠዋል፤ ከዚያም በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ አዲስ ጫፍ ያወጣለታል። እርሳስ 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣልና የከሰል ምድጃና ወናፍ ይበቃዋል። ከላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ዝቃጭ በማንኪያ እየገፈፈ ከበሩ አጠገብ ይደፋዋል። ታናሽ እኅቴ ምሳ ስታመጣለት የምትቀመጠው ከዚያ ዝቃጭ ጎን ባለው ጆንያ ላይ ነው፤ አምስት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ አደጋው አይገባንም አትበሉን፤ ከሁላችሁ ቀድሞ የሚገባን እኛን ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ንገሩኝ። የቀበሌ ሰው መጥቶ በሩን ያሽጋል። በማግሥቱ እነዚያ ባትሪዎች የትም አይጠፉም፤ ሌላ ሰው በግቢው ጓሮ፣ ማንም በማያየው ቦታ ያቀልጣቸዋል። ተመራማሪዎቹ ለአባቴ ምትክ ሥራ ወይም ምትክ ቦታ ይዘው ይመጣሉ ወይስ ቁጥር ብቻ?

አባት ከአራዳ፦
የዚህን ልጅ ጥያቄ አዳራሹ ውስጥ ያነሣ አልነበረም። እኔ ያልሁትም ይህንኑ ነው፤ ከመለካት በኋላ የሚመጣው ነገር ሳይታወቅ መለካት አይቅደም።

ነርስ ከአዘዞ፦
አባታችን፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። እኔ የተማርሁት እዚሁ ጎንደር ነው፤ የተማርሁበትንም ቤት እወደዋለሁና ታሪኩን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አብረው ተምረው አብረው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ነርሷ ልጁን ስታይ ባልደረባዋ የውኃ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። «አፈሩ ወይስ ልጁ» የሚለው ክርክር በዚህች ከተማ መነሣት አልነበረበትም፤ የጎንደር ትምህርት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት ነበርና።

ልጁን ማየት ለምን እንዳስፈለገ ከሥራዬ ልናገር። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ደም ማነስ ያለበት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የብረት ማዕድን (አይረን) ስለሚጎድለው ከዚያም በላይ ይስባል። እርሳሱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሷ ያልፋል። በአንድ አፈር ላይ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች እኩል አይጎዱም ማለት ነው። አፈር ይህን አይነግረኝም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምንጩ ሁልጊዜ አፈር አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች በካሜሩን ተመርምረው ምግብ ውስጥ እርሳስ እንደሚለቅቁ ታይቷል። በአንዳንድ አገር ኩል የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ ያለበትን ቀለም የሚገድብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ጣሪያው በሚሊዮን 90 እጅ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ግን ዛሬም እየተላጠ ነው። አፈሩን ብቻ የለካ ሰው ድስቱን፣ ኩሉንና መስኮቱን ያልፋቸዋል።

መምህር፦
በእኔ ክፍል እርሳስ የሚነክሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ከስብሰባው በኋላ ወላጆች እየመጡ «ልጄን በእስክሪብቶ ያጽፉልኝ» ይሉኛል፤ ለጥንቃቄ ብዬ እርሳስ መንከስን በጥብቅ ከልክያለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
መምህር፣ የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት የካርቦን ዓይነት እንጂ መርዛማው ብረት አይደለም። በቋንቋችን ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው የተምታታው። ልጆቹ በእርሳስ ይጻፉ።

አባት ከአራዳ፦
ይኸውላችሁ! ግማሹ አዳራሽ የተጠየቀው ስለ መጻፊያ እርሳስ መስሎት ነበር ማለት ነው። የተጠየቀውን ነገር ስም እንኳ በትክክል ያልተረዳ ወላጅ ቢፈርም ያ ፊርማ ፈቃድ ይባላል? ቅጹ ሳይፈረም መቅረቱ ትክክል ነበር።

እናት ከማራኪ፦
ትክክል የሚሆነው እንደገና እንዲያስረዱን ብንጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን ማብራሪያው ሳያልቅ ነው የተነሡት። መርፌው ከሆነ የከበደዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የልጆችን የወለቀ የወተት ጥርስ ሰብስቦ፣ በጥርሱ ውስጥ ያለው እርሳስ ከልጆቹ የማሰብ ችሎታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እኛ የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ እንወረውራለን። ለምን አንሰጣቸውም?

አባት ከአራዳ፦
ጥርሱን እሰጣለሁ። ይህን በሙሉ ልቤ እፈርማለሁ።

ነርስ ከአዘዞ፦
ጥርስ የሚወልቀው ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። ጥርሱ ያለፉትን ዓመታት ይናገራል፤ ለአእምሮ እድገት እጅግ የሚያስፈልጉት ዓመታት ግን እነዚያው ያለፉት ናቸው። የባትሪ ቤቱ ልጅ እኅት አምስት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ እስኪወልቅ ጆንያው ላይ ትቀመጥ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ደም የሚናገረው የቅርብ ሳምንታትን ነው፤ ምንጩ ሲወገድ ቁጥሩ ሲወርድ የሚታየውም በደም ነው። የጣት ጫፍ ጠብታ ለመጀመሪያው ምርመራ ይበቃል፤ ሆኖም እጁ በሳሙና ካልታጠበ በጣቱ ላይ ያለው አቧራ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ያለ ቁጥር የታየበት ልጅ ብቻ ከደም ሥሩ እንደገና ይቀዳል።

አባት ከአራዳ፦
እንግዲህ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሰጠኝ። የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት በስንት ቀን ውስጥ ለወላጁ እንደሚደርስ፣ የቤቱ አፈርና ዕቃ በዚያው ቀን እንደሚለካ፣ የባትሪ ቤቶቹ ጉዳይም ሳይታሸጉ እንዴት እንደሚስተካከል። ሦስቱን ካየሁ ለታናሹ ልጄ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማንም ተመራማሪ ሊገባባቸው የሚገቡ ግዴታዎች ናቸው፤ ካልገባም ደም መቅዳት የለበትም። ሦስተኛውን ግን ከላቦራቶሪ ሆኖ ቃል መግባት አይቻልም። ያ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው።

አባት ከአራዳ፦
ስለዚህ ሦስተኛው ባለቤት የለውም።

የባትሪ ቤት ልጅ፦
ባለቤቱ እኛ ነን፤ የሚነካው እኛን ነውና። ትናንት ለአባቴ ይህን ሁሉ አነበብሁለት። ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ዝቃጩን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ማጠራቀም እንደሚችል፣ የሥራ ልብሱንም ቤት ሳይገባ እዚያው እንደሚያወልቅ ነገረኝ። ማቅለጡን ግን አልተውም፤ ሌላ አላውቅም አለ። ዛሬ ምሳውን እኔ ወሰድሁለት። እኅቴ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ለምን እንደማትገባ ስትጠይቀኝ ቆዪ አልኋት። የደሟን ነገር ግን አባቴ አልፈቀደም፤ እኔም እስከ አሁን አልለመንሁትም።

እናት ከማራኪ፦
ለምነው፣ ልጄ። የእኔ ልጅና የአንተ እኅት የሚጫወቱት በአንድ አጥር ሥር ነው።