እናቴ የበሩ መቃን ጠምሞ ይታየኛል ትላለች፤ ቫይታሚኑን ልጨምርላት?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እህቴ ከአሜሪካ የላከችላትን የዓይን ቫይታሚን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ትወስዳለች። ከትናንት ጀምሮ በግራ ዓይኗ የበሩ መቃን ጎብጦ ይታያታል፤ የጸሎት መጽሐፏን ስታነብም መሐል ላይ ፊደሉ ይጠፋባታል። ሁለት ሁለት ልስጣት?

የጓሮ አትክልት፦ ካሮት ጨምቀሽ ስጫቸው እህቴ። ፍቱን ነው።

መምህር፦ ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የሚመጣው ዳፍንት ነው፤ ሲመሽ ማየት ያቅታል። በብዛት የሚያጠቃውም ሕፃናትን ነው። ያረጀ ዓይን ችግሩ ሌላ ነው፤ ሞራ አለ፣ ግላኮማ አለ፣ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሕመም አለ። ወጣቶች ይህን ለይታችሁ ብታውቁ መልካም ነበር።

የጓሮ አትክልት፦ ካሮቱን በባዶ ሆድ ይሁን።

የመርካቶ ልጅ፦ ካሮት ይህን ያህል ቢያድን የአትክልት ተራ ነጋዴ ሁሉ ንስር በሆነ ነበር! እኔ ግን ሞራ ይመስለኛል፤ ዕድሜ ነው፣ አትደንግጪ።

ፋርማሲስት፦ ሞራ ቀስ በቀስ ያደበዝዛል እንጂ በአንድ ቀን መቃን አያጎብጥም። እህቴ፣ አትጨምሪ። የዚህ ዓይነቱ ቫይታሚን የቀን መጠን አብዛኛውን ጊዜ 80 ሚሊግራም ዚንክ አለው፤ እጥፍ ሲሆን ሆድ ያውካል፣ በሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብም ያሳንሳል። ደግሞስ ማን አዘዘላቸው? በአሜሪካ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች የጠቀመው ማኩላቸው (የሬቲናው መሐል) መካከለኛ ደረጃ ላይ የተጎዳባቸውን ሰዎች እንደሆነ አሳይተዋል፤ ሕመሙ ወደ ከባዱ ደረጃ የመድረስ ዕድሉን በአምስት ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ቀነሰ። የጠፋውን እይታ ግን አይመልስም። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ዋርፋሪንን ይወስዳሉ? ሲጋራ ያጨሱ ነበር? ቫይታሚኑ ቤታ ካሮቲን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ለአጫሽ፣ ላቆመም ጭምር፣ የሳንባ ካንሰር ስጋት ይጨምራል።

ጠያቂ፦ አታጨስም። የደም ግፊት ክኒን ብቻ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ?

የዓይን ነርስ፦ የሒሳብ ደብተር ላይ ያለውን ካሬ ወረቀት አሳዪያቸው። የንባብ መነጽራቸውን ያድርጉና አንዱን ዓይን ሸፍነው መሐሉን ይመልከቱ፤ ከዚያ ሌላውን። መስመሩ ቢጎብጥም ባይጎብጥም ከነገርሽን አንጻር ዛሬውኑ የሬቲና ሐኪም ይያቸው። ከሬቲና ሥር ፈሳሽ ወይም ደም አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፣ በዘገየ ቁጥር የሚተርፈው እይታ ያንሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ።

የጓሮ አትክልት፦ ካሮት ግን አይጎዳም።

የዓይን ነርስ፦ አይጎዳም፤ ቀጠሮ ግን አያስቀርም። የቫይታሚኑን ጠርሙስና የግፊቱን ክኒን ይዘሽ ሂጂ። በጠብታ ብሌናቸውን ስለሚያሰፉት ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፤ ብቻቸውን አይመለሱ፣ ጥቁር መነጽር ያዢላቸው።