«ኢሲጂው ነጻ ነው» ሲባል ነጻ የሆነው ምኑ ነው?

ፊደል ለቃሚ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሳንባ ኢምቦሊዝም (የሳንባ ደም ቧንቧ በድንገት መዘጋት) የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሁለት ቦታ ላይ ተገትሬያለሁ። «ኢምቦለስ»ን «የረጋ ደም» ብዬ ልለፈው? ደግሞስ «ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ) በሽታውን ያረጋግጣል» ይባላል?

ተረኛዋ፦ የመጀመሪያውን ለቋንቋ ሰዎች ልተወው፤ ሁለተኛው የዕለት ሥራዬ ነው። «ያረጋግጣል»ን ሰርዘው። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ ሳንባን አያይም። የሳንባ ደም ቧንቧ ሲዘጋ የልብ ቀኝ ክፍል ደሙን ለመግፋት ይታገላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የዚያ ትግል ምልክት ነው፣ እሱም ከወጣ። አዘውትሮ የሚታየው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ማለፉ ነው፤ ይህን ደግሞ ትኩሳትም ድንጋጤም ያመጣዋል። ተማሪ ሆነን የሸመደድነው «ኤስ 1፣ ኪው 3፣ ቲ 3» አለ፤ ፊደሎቹ ወረቀቱ ላይ የሚታዩት ሞገዶች ስሞች ናቸው፦ በአንደኛው መስመር ጠለቅ ያለ ኤስ፣ በሦስተኛው ኪው እና የተገለበጠ ቲ። ማክጊን እና ዋይት የተባሉ ሐኪሞች በ1935 እ.ኤ.አ. የጻፉት ነው። ፈተና ላይ አይቀርም፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ግን የለም። እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ከደረት በሚነሱት መስመሮች፣ ከቪ 1 እስከ ቪ 4፣ ቲ ተገልብጦ ሳየው ነው። ስለዚህ «ያስጠረጥራል» በል። ማረጋገጡን የሳንባን ደም ቧንቧ በራጅ ለሚያሳየው ለሲቲ ተውለት።

ሥርወ ቃል፦ ተረኛዋ ልክ ናት፣ ቃሉም ይመሰክርላታል። «አረጋገጠ» የ«ረገጠ» ዘር ነው፤ ቦታው ደርሶ፣ ረግጦ እንዳየ ሰው። ኢሲጂ ሳንባውን መች ረገጠና!
ወደ «ኢምቦለስ» ስመጣ፣ «የረጋ ደም» አይበቃም። የረጋ ደም በረጋበት ሊቀመጥ ይችላል፤ ያ ትሮምበስ ነው። ኢምቦለስ ተነቅሎ ተጉዞ ሌላ ቦታ የሚወተፍ ነው፤ ስብም አየርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ የሰየመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪም ፊርኾ ነው። የግሪኩ «ኤምቦሎስ» መሰኪያ፣ መድፈኛ ማለት ነው። እኛም «ውታፍ» አለን፤ ምን ጎደለን?

ፊደል ለቃሚ፦ «ውታፍ» ደስ ይላል፤ ግን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት «ውታፍ ነቃይ» ልንለው ነው? ስድብ ሆነ እኮ!

ሥርወ ቃል፦ ሃሃ፣ እዚያ ላይ እጄን ሰጠሁ።

ዝምተኛው፦ ስለ «ነጻ» ማንም አላነሳም። አንድ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ካጠረው ዘመዴ ጋር ነበርኩ። ባለሙያው ወረቀቱን ከማሽኑ ቀድዶ «ኢሲጂው ነጻ ነው» አለን። ዘመዴ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሌላ ሐኪም ባያስቆመው ኖሮ ወጥቶ ነበር፤ ሲቲው ላይ ውታፉ ተገኘ።

ተረኛዋ፦ ይሄ ቃል ስንቱን አሳስቷል! እኛ «ነጻ» ስንል «ወረቀቱ ላይ ለውጥ አላየሁም» ማለታችን ነው፤ ሰሚው «ከበሽታው ነጻ ነህ» ብሎ ይሰማዋል። ኢምቦሊዝም ያለበት ሰው ኢሲጂ ምንም ላያሳይ ይችላል። የምናነሳውም በዋናነት እንደ ልብ ድካም ያለ... ይቅርታ፣ እንደ ልብ ድንገተኛ ሕመም ያለ ሌላ የደረት ሕመም ምክንያት እንዳያመልጠን ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ኢሲጂ የሳንባ ውታፍን ሊያስጠረጥር ይችላል፤ ለውጥ አለማሳየቱ ግን ውታፍ የለም አያሰኝም።»

ሥርወ ቃል፦ «አያሰኝም» ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ብቻ «ውታፍ (ኢምቦለስ)» በልና ጻፈው፣ ሐኪም አንባቢ እንዳይስቅብህ።