የግራ ፍሬቻ ይፈጥናል፣ የቀኝ የግንባር መብራት ደክሟል (ዲኤክስ ኮሮላ፣ ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል።
የግራ ፍሬቻ ሳበራ ምቱ እጥፍ ይፈጥናል፣ የቀኙ ደህና ነው። የኋላው ግራ አምፖል ተቃጥሎ ኤልኢዲ ነው የተተካበት። ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው) ነው ተብሎ ተቀየረ፣ ያው ነው።
የቀኝ የግንባር መብራት ደግሞ በአጭርም በረጅምም እንደ ሻማ ቀላ ብሎ ነው የሚበራው። የግራው ሙሉ ነው። አምፖሉ አዲስ ነው። የገረመኝ አጭር ላይ እያለሁ ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት ዳሽቦርድ ላይ ፈዘዝ ብላ መብራቷ ነው። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት አለ። ማታ ደንገጎን (የሐረር መንገድ ዳገቱን) መውጣት አለብኝ። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይሆን?

ቀፊራ 12 ቮልት
የማሳ ችግር ነው፤ ማሳ ማለት አምፖሉ በቦዲው በኩል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚገናኝበት ነው። የድሬ አቧራና ሙቀት የማሳ ብሎን አይምርም። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ላይ አድርግና ፍሬቻው እየሠራ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሶኬቱ ገላ ላይ ያዝ። አምፖሉ በበራ ቁጥር ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየህ ጤነኛ ነው፤ 0.5 ከደረሰ ብሎኑን ፍታ፣ ቀለምና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ አጥብቀህ እሰርና ከላይ ግራሶ ቀባ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው አብሮ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሳትለካም ማሳ ነው በል።
ለግንባር መብራቱም ከሶኬቱ ወደ ቦዲ አዲስ የማሳ ሽቦ ሳብለት፣ ይገላግልሃል።

ሐረር ሸዋ በር
አቦ፣ የመጨረሻዋን እንዳትሠራት! የማሳ ሽቦ ወደ ቦዲ የሚባለው ለዚህ መኪና አይሆንም። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች የግንባር መብራታቸው የሚቆረጠው በማሳ በኩል ነው። መብራት ስታበራ ፖዘቲቩ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል፤ አጭርና ረጅሙን የሚመርጠው መሪው ላይ ያለው ማብሪያ ነው፣ እሱም አንዱን ወይም ሌላውን ክር ማሳ እየሰጠ። ፖዘቲቩን እግር ወደ ቦዲ ካሰርከው ፊውዝ ይበላል፤ ከሁለቱ ሌሎች አንዱን ካሰርከው ደግሞ አጭሩ ወይም ረጅሙ ማብሪያውን አልሰማም ይልሃል።
ማረጋገጫው ቀላል ነው። የደህናውን፣ የግራውን አምፖል ሶኬት ንቀል፣ መብራቱን አብራ፣ የአምፖል ቴስተርህን ክሊፕ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ነክሰህ ሦስቱን እግሮች ንካ። አጭርና ረጅም ስትቀያይር ደምቆ የሚበራው እግር ቦታውን ካልቀየረ መኪናው በማሳ የሚቆረጥ ነው። እየተቀያየረ ከበራ በፖዘቲቭ ነው፣ ያኔ የቀፊራው ምክር ይሠራል።
የአንተ ምልክት ግን የቀኝ ፊውዝ ነው። ግራና ቀኙ የየራሳቸው ፊውዝ አላቸው። የቀኙ ሲሞት ከረንቱ በግራ አምፖል ረጅም ክር ዞሮ፣ በቀኙ ረጅም ክር ገብቶ፣ በቀኙ አጭር ክር በኩል ማሳ ያገኛል። ሦስት ክር 12 ቮልቱን ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 4 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል፣ ቀላ ማለቱ ከዚያ ነው። ሰማያዊዋም የምትፈዝዘው በዚያው መስመር ላይ ስለሆነች ነው። አምፖል ብትቀይር ምን ይጠቅማል?
ፍሬቻው ሌላ ጉዳይ ነው። ፍላሸሩ ከረንት ስለሚቆጥር 'አንድ አምፖል የለም' እያለህ ነው። 21 ዋት አምፖል 1.75 አምፔር ይስባል፣ ኤልኢዲው የዚያን ሩብ እንኳ አይስብም። ስለዚህ ያንኑ ዓይነት ፍላሸር አሥር ጊዜ ብትቀይር ለውጥ የለውም። ርካሹ ነገር የ12 ቮልት 21 ዋት ባለ ክር አምፖል መመለስ ነው። ኤልኢዲውን ካልለቀቅክ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግዛ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኢ የሚሉት እግሮች ከነባሩ ጋር መግጠማቸውን አይተህ። 6 ኦም 50 ዋት ሬዚስተር የሚያስሩም አሉ፤ በበራ ቁጥር 30 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ብረት ላይ በብሎን ካልታሰረ ሽቦ ያቀልጣል። ለአንድ አምፖል ምድጃ መግጠም ነው፣ እኔ አልወደውም።
የማሳ ልኬቱንም 21 ዋቱን ሰክተህ ድገመው። በኤልኢዲ የሚያልፈው ትንሽ ስለሆነ ማሳው ዝጎም 0.1 ሊያሳይህ ይችላል።

የሳቢያን ልጅ
21 ዋት ስመልስ የፍሬቻው ፍጥነት ተስተካከለ፣ ማሳው 0.15 አሳየ። የግንባር ፊውዙን ግን ሳየው ክሩ ሙሉ ነው። መብራቱን አብርቼ ስለካ በአንደኛው ጫፍ 12.1፣ በሌላው 4.2 ቮልት። ታዲያ ፊውዙ ካልተቃጠለ? እዚህ ያለኝ 20 አምፔር ብቻ ነው፣ ልሞክረው?

ሐረር ሸዋ በር
ደህና ከሆነ ሁለቱም ጫፍ እኩል ነው የሚያሳየው። 4.2ቱ በክሮቹ ዞሮ የመጣ ነው። አንዳንዴ ክሩ እግሩ ሥር እንደ ፀጉር ይሰነጠቃል፣ በዓይን አይታይም። አውጥተህ በኦም ለካው፣ ዜሮ አካባቢ ካላሳየ ጣለው። ዜሮ ካሳየ የሳጥኑ ጥርስ ነው የላላው ወይም የዛገው።
20 አታስገባ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አምፔር ብቻ። ሽቦው የተሰላው ለ60/55 ዋት አምፖል (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55) ነው፣ 5 አምፔር ገደማ፤ ሾርት ቢኖር ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይጋያል። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተበላ በባትሪው ጀርባ የሚያልፈው ሽቦ ተልጦ እንደሆነ እይ። ሶኬቱም ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ የቀድሞ ባለቤት 100/90 ዋት ገጥሞበት ሊሆን ይችላል፣ ሶኬቱን ቀይረው።

ቀፊራ 12 ቮልት
ተቀብያለሁ፣ በማሳ የሚቆረጥ መሆኑን አላሰብኩትም። አዲሱን አምፖል ስትገጥም ግን መስታወቱን በጣት አትንካ፤ ሦስቱ ጆሮዎችም ቦታቸው ላይ ይቀመጡ፣ ካልሆነ ብርሃኑ ወደ ላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ አጭሩን አብራ፣ የብርሃኑ ጫፍ ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ደንገጎ ላይ ከፊት የሚወርደውን ሹፌር የምታሳውረው በዚህ ነው።