«እድር ለቀብር ነው»

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ የእድር ስብሰባ ነበረን። አንዲት አባላችን የጡት ካንሰር ይዟት በየ21 ቀኑ ሐረር እየተመላለሰች ኬሞ ትወስዳለች። ስትሞት ለቤተሰቧ ከሚሰጠው ግማሹ ዛሬ ይሰጣት አልን። ዳኛው «እድር ለቀብር ነው፤ ለሕክምና መድን አለ» ብሎ ዘጋው። አቦ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ሙቺና ነይ ነው?

ታይዋን ሰፈር፦ ዳኛው ልክ ናቸው። ዛሬ ለካንሰር ከሰጠህ ነገ ለኩላሊት፣ ከነገ ወዲያ ለስኳር ነው። ካዝናው ሲራቆት ድንኳን ማን ይተክልልሃል?

የከዚራ ልጅ፦ የእኔ ድንኳን ይቅርብኝ!

የሳሮን እናት፦ እኔን ያቃጠለችኝ «መድን አለ» የምትለዋ ናት። እናቴን አስታምሜያለሁ። የመድን ካርድሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። መድኃኒቱ ጋ ስትደርሺ «አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ይሉሻል። መንገዱስ? ኬሞ ወስዳ እያስመለሳት የደንገጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ትውረድ? ኮንትራት ታክሲ ነው። አስታማሚዋም የቀን ሥራዋን ትታ ነው የምትሄደው። የትኛው መድን ነው ይሄን የሚከፍል?

ታይዋን ሰፈር፦ ታዲያ የመድኑን ቢሮ ጠይቂያ! የመንግሥትን ቀዳዳ እድር ይድፈን?

ጀጎል ነኝ፦ እኛ ሐረር አፎቻ፣ እንደ እድራችሁ ያለው ማኅበራችን፣ የታመመውንም ይጠይቃል። ድሬዎች ለጫት ሲሆን ግን እጃችሁ አይታጠፍም።

የከዚራ ልጅ፦ መጣ ደግሞ! ጫቱን የሚልክልን ማን ሆነና?

ጀጎል ነኝ፦ ቢያንስ የእኛ ሆስፒታል ሕይወት ፋና ባይኖር ዛሬም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ደጅ ነበር የምታድሩት።

የከዚራ ልጅ፦ አንተ ነህ የገነባኸው?

ታይዋን ሰፈር፦ ወደ ጥያቄዬ። «ግማሹ ዛሬ» ብለሃል። ከዳነችስ? ትመልሳለች?

የከዚራ ልጅ፦ ከዳነችማ መዋጮዋን ትከፍላለች! የሞተ ሰው በየወሩ ሲከፍል አይተሃል?

ታይዋን ሰፈር፦ ደንቡ ላይ የለም። ደሞ ዳኛውን «ዘጋው» አይባልም፤ አባትህ ይሆናሉ።

የከዚራ ልጅ፦ ድሬ አንቱታ የገባው መቼ ነው? ዋላሂ፣ እሱ ራሱ «አንቱ» ብትለው የተሰደበ ይመስለዋል።

የሳሮን እናት፦ አንተና አንቱን ተዉት። ቀጣዩ ኬሞ ማክሰኞ ነው። መኪና ያለው አለ?

ታይዋን ሰፈር፦ መጀመሪያ ዳኛውን ይቅርታ ይጠይቅ።