ከደሴ ዋሽንግተን፦ 17 ሰዓቱ ሁሉ በረራ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ እናቴ በኅዳር ወደ ዋሽንግተን ትሄዳለች። ቲኬቱ ከቦሌ መነሻ 22፡45 (በእኛ ከምሽቱ 4፡45)፣ መድረሻ በማግስቱ 08፡00 ይላል። ላዩን ሲታይ 9 ሰዓት ከ15 ነው። ግን ኅዳር ላይ ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች (በክረምታችን 7 ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይቀየራል) ሲደመር 17 ሰዓት ከ15 ይመጣል። መመለሻው በዚሁ ስሌት 13 ሰዓት ብቻ!

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ቢበር 13 ሰዓት አይሞላም፣ ስለዚህ መመለሻው ልክ ነው። የመሄጃው መርዘም ምክንያትም ይገባኛል፦ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጅም ሰውም ጢም አድርጎ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ከፊት ነው።

የቸገረኝ፣ ከ17ቱ ስንቱ መሬት ላይ ያልቃል? ቲኬቱ የቆይታውን ደቂቃ አልጻፈም። መንገደኛ ይወርዳል ወይስ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል? ጉልበቷ ያማታል፣ መነሳትና መንቀሳቀስ አለባት። የግፊት ኪኒኗን ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው የምትውጠው፤ በደሴ ሰዓት ከቀጠለች አንዱ አየር ላይ፣ ሌላው ካረፈች ከ2 ሰዓት በኋላ ይውላል። ሐኪሟን እጠይቃለሁ፣ ግን የበረራው ሰዓት በትክክል ያስፈልገኛል።

ሌላ፣ ኮምቦልቻ–ቦሌ በረራው 1 ሰዓት ያህል ነው። በዚያው ቀን ብትመጣ ይበቃል ወይስ በዋዜማው ትግባ? ሻንጣዋስ ከኮምቦልቻ ቀጥታ ይሻገራል? በቅርብ የሄዳችሁበት እስኪ ንገሩኝ።