የፓርኪንሰንን አካሄድ በሬቲና መከታተል፦ የደሴና የኮምቦልቻ የጋራ ፕሮፖዛል (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሰፈረው ዓላማ «በዐይን ምርመራ ፓርኪንሰንንና (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል ሕመም) የመርሳት በሽታን አስቀድሞ መለየት» የሚል ነው። የክትትሉ ጊዜ 1 ዓመት፣ መለኪያው ደግሞ የኦሲቲ ምስል (የሬቲናን ሽፋኖች በብርሃን ቃኝቶ ውፍረታቸውን የሚለካ) ብቻ ተብሏል። የማትስማሙበትን ዐረፍተ ነገር በምን እንደሚተካ ጭምር ጻፉልኝ።

ኒውሮሎጂስት (ደሴ)

ዓላማው መጥበብ አለበት። ሬቲና (በዐይን ውስጠኛ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) በፅንስ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣ የአንጎል ክፍል ነው። የነርቭ ክሮቹ ከዐይን ኳስ እስኪወጡ ድረስ ማይሊን (የነርቭ ክር የስብ ልባስ) ስለማይለብሱ፣ ክሮቹ ተደርድረው የሚሠሩት የነርቭ ክር ሽፋን ውፍረት ስለ ክሮቹ ብዛት በቀጥታ ይናገራል። በፓርኪንሰን ደግሞ ዶፓሚን የሚያመነጩት የሬቲና አማክሪን ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ንፅፅር የመለየት አቅምም (ፈዛዛን ነገር ከጀርባው ለይቶ ማየት) አብሮ ይወርዳል። እስከዚህ መሠረቱ ጽኑ ነው።

«አስቀድሞ መለየት» የሚለው ግን አያስኬደንም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ትልቁ የእንግሊዝ ጥናት የጋንግሊዮን ሽፋኑ (የእነዚያ ክሮች መነሻ ሕዋሳት ያሉበት የሬቲና ክፍል) መሳሳት ፓርኪንሰን ከመታወቁ በአማካይ 7 ዓመት ቀደም ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ያ ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው። የታማሚውና የጤነኛው ልኬት በሰፊው ስለሚደራረብ በአንድ ምስል «አለብህ፣ የለብህም» ማለት አይቻልም። እኛ ልንመልሰው የምንችለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፓርኪንሰን እንዳለበት የታወቀ ሰው በሽታው ሲገፋ ሬቲናው አብሮ ይሳሳል ወይ?

የመርሳት በሽታ ይውጣ። አልዛይመርን ከደም ሥር መርሳት ለመለየት የሚያስችል የአሚሎይድ (በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ምርመራ ሳይኖረን የተቀላቀለ ቡድን እንሰበስባለን፤ ከተቀላቀለ ቡድን የሚወጣ አማካይ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭን ልባስ የሚያጠቃ ሕመም) ላይ ማስረጃው ከሁሉም ይበልጣል፤ በዐይን ነርቩ ዙሪያ ያለው ሽፋን እንደ ማሽኑ ዓይነት 87 ወይም 88 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነባቸው ሕሙማን የአካል ጉዳት የመባባስ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ግን ቡድን የሚሞላ ሕመምተኛ ስለማናገኝ የእነዚያን ጥናቶች የሥራ ደንብ ብቻ እንዋስ።

ምትክ ዐረፍተ ነገር፦ «በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የማኩላ (የሬቲናው መሐል) ጋንግሊዮን ሽፋን ውፍረት ለውጥ ከእንቅስቃሴና ከአእምሮ አቅም መውረድ ጋር ያለውን ዝምድና ለ3 ዓመት መከታተል።»

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)

3 ዓመት ለምን እንዳስፈለገ ገንዘብ ሰጪው መጠየቁ ስለማይቀር ስሌቱን አስቀምጣለሁ፤ ረቂቁ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል። ያው ሰው፣ በያው ማሽን፣ በሌላ ቀን ሲለካ የነርቭ ክር ሽፋኑ አማካይ ያለ ምንም በሽታ እስከ 4 ማይክሮን ሊለያይ ይችላል። ይህ ወደ መደበኛ ስሕተት ሲመለስ (4 ሲካፈል ለ2.77) 1.45 ማይክሮን ገደማ ነው። በጤነኛ ሰው ላይ ዕድሜ ብቻውን የሚቀንሰው በዓመት ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም። ስለዚህ የምንፈልገው ለውጥ ከመለኪያው መዋዠቅ ያነሰ ነው።

አንድን ሰው በ1 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ብንለካው የዓመታዊ ቅነሳው ግምት ስሕተት በዓመት 2 ማይክሮን ያህል ይሆናል፤ ከዚህ ምንም አይነበብም። በየ6 ወሩ ለ3 ዓመት 7 ጊዜ ብንለካው ወደ 0.55 ይወርዳል። በ60 ሰው አማካይ ሲወሰድ የመለኪያው ድርሻ 0.07 ይደርሳል፤ በሰው መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ላይ ይታከላል። በ1 ዓመት በጀት ይህን ሥራ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። ወይ 3 ዓመት ይጠየቅ፣ ወይ ጥያቄው ይቀየር።

ሰው መጉደሉ ስለማይቀር 75 ሕሙማን እንመዝግብ። በጾታና በዕድሜ (በ3 ዓመት ልዩነት ውስጥ) የሚመሳሰሉ 75 ጤነኞችም ያስፈልጋሉ። በማሽኑ ውስጥ ያለው የጤነኞች መረጃ የእኛን ሰው በበቂ አይወክልም፤ የዐይን ነርቩ ራስ ስፋትና የሽፋኑ ውፍረት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ማሽኑ ከዚያ መረጃ ጋር እያነጻጸረ የሚሰጠውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም ትተን ቁጥሩን ብቻ እንውሰድ።

የዐይን ሐኪም (ደሴ)

በስሌቱ እስማማለሁ፤ መዋዠቁን የሚያበዛው ግን የምስሉ አነሳስ ነው። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ዐይኑን የሚያርገበግበው ከሌላው ባነሰ መጠን ነው። እንባው ይደርቅና የምስሉ ጥራት ይወርዳል፤ ጥራት ሲወርድ ደግሞ ማሽኑ ሽፋኑን ከእውነቱ አሳስቶ ይለካል። በሽታ የመሰለን ለውጥ የደረቀ ዐይን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ እንባ ይጨመር፤ ከማንሳታችን በፊትም «ሁለት ሦስት ጊዜ አርገብግቡ» ይባል። የዐይን ሞራም እንዲሁ ያሳስታል። በክትትሉ መሐል ሞራው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው መስመሩ ስለሚዘልል ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አዲስ መነሻ ይቆጠር።

በየጉብኝቱ ከየዐይኑ 3 የማኩላ ምስልና 3 የዐይን ነርቭ ዙሪያ ምስል ይነሳ። ጥራቱ ከ10 ነጥብ ከ7 በታች የሆነው እዚያው ይደገም። ማሽኑ ያሰመረው የሽፋን ድንበር በሰው ዐይን ይታይ፤ መስመሩ ወደ ሌላ ሽፋን ከገባ ቁጥሩ አይመዝገብ። በመነሻው ላይ በ2 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንለካ፤ የራሳችንን መዋዠቅ የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው።

የማይገቡትም በግልጽ ይጻፉ። ከሁሉ በፊት ግላኮማ (የዐይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም)፣ ምክንያቱም ያንኑ ሽፋን ያሳሳል። ቀጥሎ የስኳር በሽታ የሬቲና ጉዳት፣ ከ6 ዳዮፕተር በላይ የሆነ የቅርብ እይታ፣ በትራኮማ የተጠበሰ ኮርኒያ (በእኛ አካባቢ ብዙ ነው)፣ ለሳንባ ነቀርሳ ኢታምቡቶል የወሰደና እይታው የተነካ ሰው።

ኦፕቶሜትሪስት (ኮምቦልቻ)

ዶክተር፣ የማይገቡት ዝርዝር ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ከኮምቦልቻ እየተነሡ ደሴ መመላለስ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ከባድ ነው። ኮምቦልቻም ላይ ሁለተኛ ኦሲቲ ቢታሰብስ?

የዐይን ሐኪም (ደሴ)

ድካሙ ይገባኛል፤ ሁለት ማሽን ግን ሥራውን ያፈርሰዋል። የአንዱ ኩባንያ ማሽን የሽፋኑን ድንበር የሚያሰምርበት ቦታ ከሌላው ስለሚለይ በዚያው ሰው ላይ ብዙ ማይክሮን ይለያያሉ። አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ማሽን ይለካ። ለመጓጓዣና ለአንድ አስታማሚ በጀት ይያዝ፤ ከሁለተኛ ማሽን ይቀልላል። ሶፍትዌሩም በመሐል ቢታደስ የቀድሞዎቹ ምስሎች በሙሉ በአዲሱ እንደገና ይሰመሩ። ለዚህም የታተመ ወረቀት ሳይሆን ጥሬው ምስል መቀመጥ አለበት። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) በዝርዝሩ ይግባ።

ኦፕቶሜትሪስት (ኮምቦልቻ)

እሺ፣ ኦሲቲው ደሴ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ግን በርካሽ የሚሠራው ይሠራ፤ ለውጡ ከውፍረቱ ይልቅ በተግባር ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ንፅፅር፦ የተለመደው የፔሊ ሮብሰን ሰሌዳ በላቲን ፊደል ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይወድቃል፣ የወደቀው ግን ዐይኑ አይደለም። አቅጣጫዋ በምትዞረው የኢ ምልክት የተሠራውን ሰሌዳ እንጠቀም። እጅ ስለሚንቀጠቀጥም «ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ» ብለው በቃል ይመልሱ። ርቀቱ 1 ሜትር፣ የሰሌዳው ብርሃን በስኩዌር ሜትር 85 ካንዴላ ገደማ፣ በየጉብኝቱ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ ደመና በመጣ ቁጥር ውጤቱ ይለዋወጣል።

የዐይን ዝላይ (ዐይን ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚያደርገው ፈጣን እንቅስቃሴ)፦ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከመሐሉ ነጥብ ግራና ቀኝ በ10.6 ሴንቲ ሜትር ሁለት ነጥብ ይደረግ፤ ይህ ለየጎኑ 10 ዲግሪ ነው። ግንባርና አገጭ ይደገፍ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል ማንሳት አለበት። የ10 ዲግሪ ዝላይ 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ በ240 ሲቀረጽ 12 ምስል ይሰጣል፤ በተለመደው 30 ግን ከ2 አይበልጥም። የምንቆጥረው ዐይኑ ዒላማው ላይ በአንድ ዝላይ ይደርሳል ወይስ አጥሮ በሁለት በሦስት ይደርሳል የሚለውን ነው። ፍጥነቱን ከስልክ አናውጣ፤ አይበቃም።

ኒውሮሎጂስት (ደሴ)

ላይና ታችም ይቀረጽ። ወደ ታች ዝላዩ የዘገየ ሰው ፓርኪንሰን ሳይሆን ፒኤስፒ የሚባለው ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ለእኔ ይላክ። የመድኃኒቱ ሰዓት ደግሞ ወሳኝ ነው፦ ሁሉም ልኬት ሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ከተወሰደ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይደረግ፤ ሰዓቱም ይመዝገብ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ንፅፅሩም ዝላዩም ሊወርድ ይችላል፤ ያንን የበሽታ መግፋት ብለን እንዳንመዘግብ።

የዐይን ነርስ (ደሴ)

ቅደም ተከተሉን ልጻፈው። መጀመሪያ ንፅፅርና የዐይን ዝላይ፣ ምክንያቱም ብሌን ማስፊያው ጠብታ ከገባ በኋላ ሁለቱም ይበላሻሉ። ቀጥሎ የዐይን ግፊት፣ ማደንዘዣ በማይፈልገው ቶኖሜትር። ከዚያ የዐይኑ ማዕዘን ጠባብ አለመሆኑ ይታይና ብሌን ማስፊያው ትሮፒካማይድ 1%፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥበቃ፣ ኦሲቲ።

ቀጠሮው ጥቅምትና ሚያዝያ ቢሆን መልካም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣው የዶሮ መዝለያ መንገድ ጭጋግ ነው። ረመዳን ቀጠሮውን ሲነካ ቀጠሮው እስከ 1 ወር ይገፋ፤ የጿሚው የመድኃኒት ሰዓት ስለሚዛወር ካለፈው ልኬት ጋር አይነጻጸርም። ጫትም ይጠየቅ፤ ብሌን ያሰፋል፣ ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ከምርመራው በፊት እንዳይቃም በስልክ ይነገር።

አስተባባሪ (ደሴ)

አብሽሩ፣ ተግባብተናል። ዓላማው በኒውሮሎጂስታችን ዐረፍተ ነገር ተተክቷል፤ 3 ዓመት፣ 75 እና 75፣ አንድ ኦሲቲ። የቀረው የስምምነት ቅጹ ነው። «ምስሉ ስለ ወደፊት ሕመምዎ አይነግርም» የሚለው ይበቃል?

ኒውሮሎጂስት (ደሴ)

አይበቃም። ሦስት ነገር ይጨመር፦ ግላኮማ ወይም ሌላ የሚታከም የዐይን ሕመም ከተገኘ በዚያው ቀን ይነገራቸዋል፣ ወደ ሕክምናም ይላካሉ። በክትትሉ መሐል የማሰብ አቅማቸው ቢወርድ የሚወስንላቸውን ቤተሰብ አሁኑኑ ይሰይማሉ። ጸበል የሚገቡ ከሆነ የሌቮዶፓ ክኒናቸውን በድንገት እንዳያቋርጡ በቃልም በጽሑፍም ይነገራቸዋል፤ በድንገት ማቋረጥ ከባድ ግትርነትና ትኩሳት አምጥቶ ሊገድል ይችላል።

የዐይን ነርስ (ደሴ)

ቅጹ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ሰሚው በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገረን። ያልመለሰ አይፈርም።